ሥር የሰደደ የፊኛ ብግነት ላለባት ጊኒ ፒግ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

ጊኒ ፒግ (በቤት የምትረባ ትንሽ ሣር በል እንስሳ) ስትሸና ወይም በጠጥ ስትጥል ጀርባዋን አጉብጣ በቀጭን ድምፅ ከጮኸች፣ በመኝታ ጨርቋም ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ከታየ፣ ባለቤቷ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ግምቱ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ነገር ግን አንቲባዮቲኩ አልቆ፣ አሥር ቀን ያህል ደኅና ሰንብታ፣ ያው ጩኸት ሲመለስ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ተሰጥቶም ሕመሙ እንደገና ሲያገረሽ፣ ነገሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ሽንቱ ባክቴሪያ ሳይገኝበት፣ ራጁም ጠጠር ሳያሳይ፣ የፊኛው ግድግዳ ግን ተቆጥቶና ወፍሮ የሚገኝበት ሁኔታ አለ። ይህ ተህዋሲ የሌለበት ብግነት በአብዛኛው በአንድ ዙር መድኃኒት ተነቅሎ የሚጠፋ ሳይሆን በክትትል የሚያዝ ሕመም ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ጥያቄ «የትኛው መድኃኒት ያድናታል?» መሆኑ ይቀርና፣ ሌላ ጉዳት ሳያስከትል ሕመሟን ለዓመታት የሚያረግብላት የትኛው የሕክምና ጥምረት እንደሆነ መፈለግ ይሆናል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ የአበሻ ቤተሰቦች ከጊኒ ፒግ ጋር የሚተዋወቁት በልጆቻቸው በኩል ነው። የእኛዋ ቡላም ቤታችን የገባችው ሴት ልጄ ለወራት ከለመነችን በኋላ ነበር። በሦስተኛ ዓመቷ ሕመሙ ሲጀምራት በተከታታይ ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ ግን አንድ ጊዜ እንኳ የሽንት ካልቸር (ሽንቱ ባክቴሪያ እንዳለበት በቤተ ሙከራ የሚፈተሽበት ምርመራ) አልተሠራላትም፤ እኔም እንዲሠራላት መጠየቅ እንደምችል አላውቅም ነበር። ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ እያነጻጸርኩ የማቀርበው፣ ሌላ ቤተሰብ ያንን ጊዜ እንዳያባክን ከልብ ስለምፈልግ ነው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው እንስሳዋን መዝኖና መርምሮ የሚያያት ሐኪም ብቻ በመሆኑ፣ የመጠን ትእዛዝ እዚህ አልጻፍኩም።

ከሕክምናው በፊት የምርመራው ምርጫ

ከላይ የተጠቀሱትን ምልክቶች የሚያመጡ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው፤ የሴቶቹ የሽንት መውጫ አጭርና ለፊንጢጣ ቅርብ በመሆኑ እነሱን ይበልጥ ያጠቃል። ሁለተኛው የፊኛ ጠጠር ወይም የካልሲየም ዝቃጭ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማህፀንና የእንቁልጢ (የእንቁላል ማምረቻው አካል) ሕመም ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሴት ጊኒ ፒጎች ላይ የእንቁልጢ ውኃ ቋጠሮ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ ከፊኛ የመጣ የመሰለን ደም ከማህፀን የመጣ ሊሆን ይችላል። ተህዋሲ የሌለበት ብግነት አራተኛው ሲሆን፣ ስሙ የሚሰጠውም ሦስቱ ከተጣሩ በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ ሽንቱ የቀላው በደም ሳይሆን በምግብ ወይም በተፈጥሮ ቀለም ሊሆን ስለሚችል፣ በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ደም መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ብዙ ድንጋጤን ያስቀራል። ጨርቅ ላይ ሲደርቅ የሚታይ ጥቂት ነጭ ዱቄትም ብቻውን በሽታ አይደለም፤ በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ግን ለሐኪም መነገር አለበት።

የገንዘብ አቅም አንዱን ምርመራ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ራጅ ይቅደም። የጊኒ ፒግ ጠጠር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ በግልጽ ይታያል፤ ከተገኘም የሕክምናው መንገድ ወደ ቀዶ ጥገና ወይም ወደ ፊኛ ማጠብ ስለሚዞር፣ ከዚህ በታች ስለ ማስታገሻና ስለ ፊኛ ሽፋን የሚነገረው ሁሉ ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል። አልትራሳውንድ በበኩሉ ራጅ የማያሳየውን፣ የፊኛውን ግድግዳ ውፍረትና የእንቁልጢውን ቋጠሮ ያሳያል፤ ስለዚህ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ሁለቱን አብሮ ማሠራት ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

የሽንት ካልቸርን በተመለከተ ሽንቱ የተወሰደበት መንገድ ውጤቱን ይወስነዋል። ከማደሪያዋ ወለል ላይ የተለቀመ ሽንት በጠጥና ድርቆሽ የነካው ስለሆነ ባክቴሪያ ቢገኝበት ከፊኛው ይሁን ከወለሉ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በቀጭን መርፌ በቀጥታ ከፊኛው የሚቀዳው ግን የሚታመን ነው። ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት፤ ተጀምሮ ከሆነም ካቆመ በኋላ ምን ያህል ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አንቲባዮቲክ መቼ ይሰጥ?

ካልቸሩ ባክቴሪያ ካሳየ መልሱ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት ተለይቶ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይሰጣል። ለጊኒ ፒግ ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት መካከል ትሪሜቶፕሪም ሰልፋ እና ኤንሮፍሎክሳሲን (በንግድ ስሙ ባይትሪል) ይገኛሉ። የመጀመሪያው በሽንት ውስጥ በደንብ የሚገኝና አንጀትን እምብዛም የማያውክ በመሆኑ ብዙ ሐኪሞች ከእሱ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመታና ወደ ሰውነት ክፍሎች ዘልቆ የሚገባ ነው፤ ሆኖም የምግብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል፣ በመርፌ ሲሰጥም የተወጋውን ቦታ ያቆስላል፤ ስለዚህ በአፍ የሚሰጠው ይመረጣል።

ካልቸሩ ንጹህ ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚደጋገም አንቲባዮቲክ ግን በዚህ ሕመም ውስጥ ካሉት ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። ድርቆሽ የሚያብላሉላትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያዛባል፣ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል፣ ብግነቱንም በቀጥታ አያክመውም። በመካከል የሚታየው መሻሻል ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያሳስታል፤ ይህ ሕመም በባሕርይው የሚነሳና የሚበርድ በመሆኑ፣ በራሱ ጊዜ የበረደውን መድኃኒቱ ያበረደው ይመስላል። ለብዙ ወራት የተሳሳትነውም በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። በብዙዎቻችን ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሰው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና በአፍ የሚሰጥ ኤሪትሮማይሲን፣ የጊኒ ፒግን አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ገድለው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ እንዲራባ ስለሚያደርጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድሏት ይችላሉ። ለሕፃን ልጅ የሚሰጥ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው ብሎ መገመት እንስሳዋን ያሳጣል። ይህን እንስሳ እምብዛም የማያክም ሐኪም ዘንድ ከሄዱም የታዘዘውን መድኃኒት ስም ጠይቀው ከእነዚህ አለመሆኑን ሳያረጋግጡ አይውጡ።

የሕመም ማስታገሻ፦ የዕቅዱ ምሰሶ

ከሁሉም ምርጫዎች መካከል በእንስሳዋ ኑሮ ላይ ፈጥኖ ለውጥ የሚያመጣው ሜሎክሲካም የተባለው ፀረ ብግነት ማስታገሻ ነው፤ ሜታካም በሚለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። ጊኒ ፒግ በዱር የሚታደን እንስሳ ዘር በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስትጮህ የምንሰማት ከመደበቅ አልፎባት ነው። ሕመም ያለባት ጊኒ ፒግ መብላት ትቀንሳለች፣ መብላት ስትቀንስ አንጀቷ ይቆማል፣ አንጀቷ ሲቆም ደግሞ ሞት ቅርብ ነው። ስለዚህ ሕመሟን ማስታገስ ከምቾት ያለፈ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በሜሎክሲካም ዙሪያ ሁለት ውሳኔዎች አሉ። አንደኛው የትኛው ጠርሙስ ይሁን የሚለው ነው። ለድመት ተብሎ የሚዘጋጀው ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.5 ሚሊ ግራም ሲይዝ፣ ለውሻ የሚዘጋጀው 1.5 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ማለትም ሦስት እጥፍ ነው። ሐኪሙ የድመቱን ጠርሙስ አስቦ 0.6 ሚሊ ሊትር ቢያዝና ባለቤቱ የውሻውን ቢጠቀም፣ 0.3 ሚሊ ግራም መውሰድ የሚገባት 0.9 ትወስዳለች። ለጊኒ ፒግ ከክብደቷ አንጻር የሚታዘዘው መጠን ለድመት ከሚታዘዘው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አነስተኛ የፈሳሽ መጠን ለሚያስፈልጋት ለዚህች ትንሽ አፍ የውሻው ፈሳሽ ይመቻል። ባለቤቱ ግን ምንጊዜም በሚሊ ሊትር ብቻ ሳይሆን በሚሊ ግራምም እንዲጻፍለት መጠየቅ፣ አዲስ ጠርሙስ በገዛ ቁጥርም ቁጥሩን ማንበብ አለበት።

ሁለተኛው ውሳኔ በየቀኑ ይሰጥ ወይስ ሲያገረሽ ብቻ የሚለው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ለሚነሳባት፣ በመካከሉም ያለ ጩኸት ለምትሸና፣ ሲነሳባት ለተወሰኑ ቀናት መስጠት ይበቃል፤ ኩላሊቷም ያርፋል። በየወሩ ለሚመላለስባት ግን ይህ አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ማገርሸት ክብደት ያስቀንሳታልና ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ የሚሠራላትን አነስተኛ የዕለት መጠን መፈለግ ይሻላል። በየቀኑ የሚሰጥ ከሆነ ኩላሊቷ በየጊዜው በደም ምርመራ እንዲታይ፣ በቂ ውኃ እንድታገኝ፣ ከምግብ በኋላ እንድትወስደውም ማድረግ ያስፈልጋል። ውኃ የጎደላት ወይም መብላት ያቆመች ጊኒ ፒግ ሜሎክሲካም ከመውሰዷ በፊት በሐኪም መታየት አለባት፤ ከኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ጋርም አብሮ አይሰጥም።

ሜሎክሲካም ብቻውን ካልበቃ ሐኪሞች ጋባፔንቲን፣ ትራማዶል ወይም ቡፕረኖርፊን ይጨምራሉ። ቡፕረኖርፊን ጠንካራ ስለሆነ ለከፋው ሰሞን ይጠቅማል፤ እንደ ሌሎቹ የኦፒዮይድ (የሞርፊን ወገን) መድኃኒቶች ግን አንጀትን ሊያዘገይ ስለሚችል ለዘለቄታ አይመረጥም። ጋባፔንቲን እንቅልፍ ያበዛል፤ ቢሆንም ለወራት ለሚቆይ ሕመም ከቡፕረኖርፊን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለሰው የሚሰጡትን አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ከቤት አንስቶ መስጠት በፍጹም አይገባም። ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ፌጦ የመሳሰሉት እኛ የምናውቃቸው የቤት መድኃኒቶችም ለዚህች እንስሳ የተፈተኑ ስላልሆኑ ለሰው ይቆዩ።

የፊኛውን ሽፋን ለመርዳት፦ ግሉኮሳሚን ወይስ ፔንቶሳን?

ፊኛ በውስጥ በኩል ሽንት ሥጋውን እንዳይነካ የሚጋርድ ስስ፣ ልስልስ ሽፋን አለው። በድመቶች ተመሳሳይ ሕመም ላይ ከተሠሩ ጥናቶች የመነጨው ሐሳብ፣ ይህ ሽፋን ሲሳሳ ሽንቱ ግድግዳውን እያቃጠለ ብግነት ያመጣል የሚል ነው። ግሉኮሳሚን የሽፋኑ መሥሪያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በመሆኑ በአፍ ሲሰጥ ይጠግነዋል ተብሎ ይታሰባል። በእንግሊዝ የሚኖሩ የጊኒ ፒግ ባለቤቶች ለድመት የተሠራውንና ሲስቲዝ የሚባለውን ባለ 125 ሚሊ ግራም ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን በጥቂት ውኃ አርጥበው በሲሪንጅ የመስጠት ልማድ አላቸው።

ስለ ግሉኮሳሚን ጥንካሬ እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። በ2004 ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ይህ ሕመም ያለባቸው 40 ድመቶች ለስድስት ወር ግማሾቹ ግሉኮሳሚን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው ካፕሱል ሲሰጣቸው፣ ሁለቱም ወገን ተሻሽሏል፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልታየም። በጊኒ ፒግ በኩል ያለው ማስረጃ ደግሞ በዋናነት የሐኪሞችና የባለቤቶች ልምድ ነው። ነገር ግን ዋጋው አነስተኛ፣ ጉዳቱም እምብዛም የማይታይ በመሆኑ፣ ከማስታገሻው ጋር ደርቦ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር መሞከርን እደግፋለሁ። ማስታገሻውን አስቀርቶ በእሱ ብቻ መተማመንን ግን አልደግፍም፤ ቢሠራ እንኳ ቀስ ብሎ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ እንስሳዋ በሕመም ትቆያለች። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሰው የመገጣጠሚያ ክኒን ብዙ ጊዜ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ አንዳንዱም ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚቀላቀልበት፣ ከፋፍሎ መስጠቱ ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

ፔንቶሳን ፖሊሰልፌት ከዚህ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ባሕርይ ያለው መድኃኒት ሲሆን፣ በአንዳንድ አገሮች ለውሾች የመገጣጠሚያ ሕመም በመርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ሳምንት ይሰጣል። ለጊኒ ፒግ በይፋ የተፈቀደ ባይሆንም፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ይጠቀሙበታል። በአፍ መድኃኒት ለመውሰድ ለምትታገል እንስሳ መርፌው እፎይታ ነው። በሌላ በኩል ደምን በመጠኑ የማቅጠን ባሕርይ ስላለው፣ ሽንቷ ላይ ብዙ ደም ለሚታይባት፣ በተለይም ሜሎክሲካም እየወሰደች ላለች፣ ሐኪሙ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። የእኔ ቅደም ተከተል ማስታገሻውን ማስተካከል፣ ከዚያ ግሉኮሳሚን፣ ሁለቱ ካልበቁ ብቻ ፔንቶሳን ነው።

ውኃና ምግብ

ጊኒ ፒግ ከምግቧ የምታገኘውን ካልሲየም ያለ ብዙ ገደብ ወደ ደሟ ታስገባና ትርፉን በሽንት ታስወጣለች፤ ሽንቷም በተፈጥሮው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) በመሆኑ ካልሲየሙ በቀላሉ ይዘቅጣል። የተቆጣ ፊኛ ላይ ወፍራምና ዝቃጭ የበዛበት ሽንት ሲጨመር ሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ ዓላማው ሽንቱን ማቅጠንና ትርፍ ካልሲየሙን መቀነስ ነው፤ ካልሲየምን ጨርሶ መከልከል ግን አጥንትና ጥርስ ስለሚጎዳ ዓላማው አይደለም።

የምግቧ መሠረት ድርቆሽ ነው። ቲሞቲና ኦርቻርድ የሚባሉት የሣር ድርቆሾች ለአዋቂ የሚመረጡ ሲሆን በመካከላቸው የሚያሳስብ ልዩነት ስለሌለ የምትወደውን መግዛት ነው። አልፋልፋ ግን ከቲሞቲ በእጅጉ የበለጠ ካልሲየም ስላለው ለእርጉዞችና ለግልገሎች ብቻ ይተው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሳድግ ሰው ካለም ጭድና ድርቆሽ አንድ አለመሆናቸውን ልብ ይበል፤ ጭድ ፍሬው የተወቃበት ገለባ ስለሆነ ለመኝታ እንጂ ለቀለብ አይበቃም። በፋብሪካ የሚሠራው ፔሌት (ተጨምቆ የተድቦለቦለ መኖ) ከቲሞቲ የተዘጋጀ ሆኖ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃታል።

አትክልት ላይ የእኛን ወጥ ቤት በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ በ100 ግራም 230 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ሮሜይን የሚባለው ሰላጣ ደግሞ 33 ያህል ብቻ ነው። ጎመን ሲከተፍ የሚተርፈውን ቅጠልና ግንድ ለጊኒ ፒጓ መወርወር በብዙ ቤት ያለ ልማድ ይመስለኛል፤ በእኛ ቤት ነበረ፤ ለጤነኛዋ አልፎ አልፎ ባይጎዳም ፊኛዋ ለታመመው ግን መቅረት አለበት። ፓርስሊም 138 ያህል ስላለው ከዚሁ ወገን ነው። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየማቸው ከጎመን ያነሰ ቢሆንም ኦክሳሌት (ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ጠጠር ሊሠራ የሚችል ንጥረ ነገር) የበዛባቸው በመሆናቸው እነሱንም እተዋለሁ። በምትኩ ሮሜይን፣ ጥቂት ኪያርና የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ ማቅረብ ይቻላል።

የፈረንጅ ቃሪያን ከሁሉም የማስቀድመው በቫይታሚን ሲ ምክንያት ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ይህን ቫይታሚን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፤ አዋቂዋ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ስትታመም ሐኪሙ ከዚያ ሊያስበልጠው ይችላል። እጥረቱ ቁስል እንዳይድን፣ ደምም በቀላሉ እንዲፈስ ስለሚያደርግ የፊኛውን ሕመም ያባብሰዋል። ቀዩ የፈረንጅ ቃሪያ በ100 ግራም 128 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ሲኖረው ካልሲየሙ ግን 7 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 25 ግራም ቃሪያ ወደ 32 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ አንድ ኪሎ ለምትመዝን ጤነኛ እንስሳ የቀኗን ይሸፍናል። ቃሪያ የማትበላ ከሆነ ለጊኒ ፒግ የተሠራው የቫይታሚን ክኒን ሁለተኛ ምርጫ ነው። በመጠጥ ውኃዋ ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ቫይታሚን ግን ከሁሉም የደከመ ነው፤ በብርሃንና በአየር ፈጥኖ ኃይሉን ያጣል፣ የውኃውንም ጣዕም ስለሚለውጥ ብዙ መጠጣት የሚገባት እንስሳ መጠጣት እንድትቀንስ ያደርጋታል።

ውኃ እንድትጠጣ ማስገደድ ስለማይቻል፣ በተዘዋዋሪ ማስገባቱ የተሻለ ነው። አትክልቱን አጥቦ ሳያራግፉ ከነውኃው መስጠት፣ ከጠርሙሱ ጎን ከባድ የሸክላ ሳሕን ማስቀመጥ፣ ውኃውን በየቀኑ መለወጥ ምንም ወጪ የሌላቸው ዘዴዎች ናቸው። ሲያገረሽባት ሐኪሙ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሊሰጣት፣ ባለቤቱንም አሠልጥኖ በቤት እንዲሰጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ለአጣዳፊው ሰሞን በጣም ይረዳል፣ በየቀኑ መወጋቱ ግን ራሱ ስለሚያስጨንቃት ለዘለቄታው እርጥቡን ሰላጣ እመርጣለሁ።

ክራንቤሪ የሚባለውን ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅበት ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሣር በል እንስሳ ሽንቷ በተፈጥሮው አልካሊ ስለሆነ አሲድ ለማድረግ መታገል አይጠቅማትም፤ ጭማቂው ስኳር የበዛበት ከመሆኑም ሌላ ባክቴሪያ ለሌለበት ብግነት የሚሰጠው ምክንያት የለም።

ማደሪያና ጭንቀት

በድመቶች ላይ ጭንቀት ይህን ሕመም እንደሚያስነሳ በደንብ ይታወቃል፤ የእኛዋም ቤት ውስጥ እንግዳ ሲበዛ ወይም ዕቃ ሲቀየር ይነሳባት ነበር። ጊኒ ፒግ በቡድን የምትኖር እንስሳ ናት፤ ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ ብቻዋን ማሳደግን በሕግ የከለከለችውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ታማሚዋን ለመከታተል ብሎ ከጓደኛዋ መለየት ጉዳቱ ያመዝናል፤ የእያንዳንዳቸውን ሽንት ማየት ካስፈለገ በመካከላቸው ሽቦ አድርጎ ጎን ለጎን ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ለወለሉ ነጣ ያለ የፍሊስ ጨርቅ ከእንጨት ፍቅፋቂ ይበልጣል፤ ለስላሳ ነው፣ የሽንቱንና የደሙን ቀለም ወዲያው ያሳያል። በየቀኑ ካልተቀየረ ግን እርጥበቱ ራሱ ኢንፌክሽን ይጋብዛል፤ ለማጠብ ጊዜ የሌለው ሰው የወረቀት ንጣፍ ይግዛ።

ዕቅዱ መሥራቱን ማወቅ

ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን አይጀምሩ። ግሉኮሳሚንና አዲስ ምግብ በአንድ ሳምንት ከተጀመሩ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም፤ የማይጠቅመውንም ለዓመታት እየገዙ መኖር ይመጣል። በወጥ ቤት የግራም ሚዛን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሲያገረሽባት በየቀኑ መዝነው፣ ከክብደቱ ጎን የጮኸችበትን ቀንና ደም የታየበትን ይጻፉ። ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው 50 ግራም ከቀነሰች ለሐኪም መደወያ ጊዜ ነው። ሐኪሙም ቢሆን «አልፎ አልፎ ትጮሃለች» ከሚል ቃል ይልቅ የሦስት ወር መዝገብ ሲያይ መጠኑን በልበ ሙሉነት ያስተካክላል።

ከዚህ ሁሉ ምርጫ ውጭ የሆኑና ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎች አሉ። እየታገለች ጠብታ እንኳ የማይወጣላት፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ የሽንት ቧንቧው በጠጠር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት። ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ያልበላች እንስሳም እንዲሁ ናት። እስከዚያ ድረስ በዱቄት የሚሸጠውን የማገገሚያ ምግብ በውኃ በጥብጦ በሲሪንጅ ከጎን በኩል ቀስ እያሉ መስጠት አንጀቷን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ አንድ ከረጢት ምንጊዜም ቤት ውስጥ ይኑር። ሆዷ የተነፋ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያያት ምንም አይስጧት።

መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮም በየቀኑ እየጮኸች፣ ክብደቷ እየወረደ፣ ከጓደኛዋም ርቃ ጥግ ይዛ የምትውል ከሆነ፣ ሕመሟን የሚያቆመውን የመጨረሻውን ምርጫ፣ ማለትም በመርፌ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግን፣ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከመርፌው በፊት በማደንዘዣ ጋዝ እንድትተኛ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሐኪሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ጓደኛዋ አጠገቧ ሆና እንድትቆይ የሚፈቅዱም አሉ። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት፣ ለምን እንደሆነ በዕድሜያቸው ልክ ተነግሯቸው፣ ሊሰናበቷት ቢፈልጉ ጊዜ ይሰጣቸው።